መዝገቡ የማን ነው?

አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻችን ስንነግራቸው የማያምኑት አንድ ነገር አለ። እስራኤል ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ የክብር መዝገብ ሹም ፊት ቆሞ፣ ፈርሞ መጋባት አይቻልም። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ሦስት በር ከፍቷል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። የፈለግኸውን ትመርጣለህ። «ሠለጠነች» የምንላት እስራኤል ያላት ግን የሃይማኖት በር ብቻ ነው። አይሁዳዊ ከሆንክ ራባኑት፣ ሙስሊም ከሆንክ ሸሪዓ፣ ክርስቲያን ከሆንክ ቤተ ክርስቲያንህ። ሃይማኖትህ ካላጋባህ አገሩም አያጋባህም።

የኢትዮጵያን ሕግ ለማሞገስ አይደለም የተነሳሁት። እሱም በሩን የከፈተው ለወንድና ለሴት ብቻ ነው፤ ከዚያ የወጣውን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። ግን ሁለት ሰዎች ቄስም ሼኽም ሳይኖር መንግሥት ፊት ሊጋቡ ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ ከዚያ ይዘን ነው የመጣነው። ያጣነው እዚህ ደርሰን ነው። እዚህ ያለው ሥርዓት ከቱርክ ዘመን የተወረሰ ነው፤ እንግሊዞች አቆዩት፤ ክኔሴት ደግሞ በ1953 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ ለራቢዎች ፍርድ ቤት ብቻ የሚሰጥ ሕግ አወጣ።

በዚህ ምክንያት ከበሩ ውጭ የቀረው ብዙ ነው። ከሶቭየት አገሮች መጥቶ ሃይማኖት የለውም ተብሎ የተመዘገበ፣ ኮሄን ሆኖ የፈታች ሴት የወደደ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶች። እነዚህ ቢያንስ ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ከሆኑ ግን ቆጵሮስም አታጋባቸውም። እዚህ ደግሞ የሃይማኖቱ በር ተዘግቶባቸዋል፣ የመንግሥቱ በር ከመጀመሪያውም አልተሠራም።

ስለ እነዚህ ነው የምጽፈው። አማርኛችን ለእነሱ ያስታጠቀን ቃል ስድብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስድብ ያልሆነው ደግሞ ከቢሮ ደብዳቤ የተቀዳ ይመስላል። «ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች» ስል እጄ ላይ ይከብደኛል፣ ግን ከስድቡ ይሻላል። እየተለመደ ይቀላል።

አገሪቱ ታዲያ ምን አደረገች? በፊት ለፊት የከለከለችውን በጓሮ አስገባች። በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ውጭ አገር የተጋቡ ጥንዶች የጋብቻ ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ መዝጋቢው መመዝገብ እንጂ መመርመር ሥራው አይደለም አለ። ጉዳዩ ቆጵሮስ የተጋቡ አንድ አይሁዳዊና አንዲት ክርስቲያን ነበር። በኅዳር 2006 ያንኑ ክር ስቦ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ለተጋቡ አምስት የወንድ ጥንዶች 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ «ይመዝገቡ» ብሎ ፈረደ። ቀጥሎ የኮሮና ዘመን መጣ፤ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ያለ አንድ የካውንቲ ጽሕፈት ቤት ሰዎችን በዙም ማጋባት ጀመረ። እስራኤላውያን ከሳሎናቸው ሶፋ ላይ ሳይነሱ፣ ስልካቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው፣ በዩታ ሕግ ተጋቡ። የአገር ውስጥ ሚኒስቴር አልመዘግብም ብሎ ተሟገተ፤ በ2022 የሎድ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ በመጋቢት 2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ መዝግብ አሉት።

እስቲ ይህን ረጋ ብላችሁ አስቡት። ሆሎን ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ ረግጠውት የማያውቁት የዩታ ሹም በኮምፒውተር ካጋባቸው እስራኤል ትመዘግባቸዋለች። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው የሆሎን ሹም ግን አያጋባቸውም። ዩታ ደግሞ የሞርሞኖች አገር ነው እንጂ የለየለት ዓለማዊ ከተማ አይደለም! ይህ የጋብቻን ቅድስና መጠበቅ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ቅድስናው በአውሮፕላን ቲኬትና በኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካ መሆኑን አብሮ ያስረዳኝ።

«ታዲያ ከተመዘገቡ ምን ጎደላቸው?» የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹም ቅን ሰዎች ናቸው። የጎደለው ይህ ነው። የ2006ቱ ፍርድ ራሱ፣ ምዝገባው እንደ ስታቲስቲክስ ነው፣ ጋብቻው ይጸናል አይጸናም የሚለውን አልወሰንኩም ብሏል። መብቱ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በእያንዳንዱ ጉዳይ እየተሟገቱ ነው የሚለቅሙት። በ1994 አንድ የኤል አል ሠራተኛ ለወንድ ጓደኛው የሠራተኛ ነጻ ቲኬት ለማግኘት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድረስ ነበረበት፤ አሸነፈ። በ2004 ናዝሬት ያለው ፍርድ ቤት ስለ ውርስ ፈረደ። አንዱ ስለ ቲኬት፣ አንዱ ስለ ቤት፣ አንዱ ስለ ጡረታ፣ አንዱ ስለ ልጅ። ለጠበቃ የሚከፍል ይሟገታል። የሌለው ይተወዋል። የሌለው ማን እንደሆነ ደግሞ በእኛ ሰፈር መንገር አያስፈልግም።

ፍቺው ደግሞ ያስቃል። በ2012 ካናዳ ከተጋቡት አንዱ ጥንድ ሲለያዩ የራማት ጋን የቤተሰብ ፍርድ ቤት አፋታቸው። ያላጋባ አገር አፋታ ማለት ነው። በአንጻሩ፣ በራባኑት በወግ የተዳረች የእኛ ልጅ ባሏ «ጌት» አልሰጥም ካለ ዓመታት ታስራ ትቀመጣለች። አንዱ በር ለሁሉ አይበቃም የምለው ለሁለት ወንዶች ብቻ አዝኜ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ አይሁዶች ናቸው ብለው ፈርደው ነበር። ሱዳንን አቋርጦ የደረሰው ሕዝብ ግን ጋብቻ ሲጠይቅ የጠበቀው ሌላ ነገር ነው። «ጥርጣሬ አለ» ተባለ። መጀመሪያ ከወንዶቹ የደም ጠብታ፣ ቀጥሎ ከሁሉም መጥለቅ ተጠየቀ። ሚክቬ ግቡ፣ ያኔ እናጋባችኋለን። አያቶቻቸው ተጠመቁ ሲባሉ እምቢ ብለው ርስት ያጡ ሰዎች፣ ኢየሩሳሌም ገብተው ውኃ ውስጥ ግቡ ተባሉ! በ1985 መጸው አንድ ወር ያህል ከራባኑቱ ፊት ለፊት ድንኳን ጥለው ተቀመጡ። አረጋውያን ነበሩ፣ ጨቅላ የታቀፉ ነበሩ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ የኔን ጋብቻ ለመፍቀድና ለመከልከል አንተ ማን ነህ? መፍትሔ ተብሎ የመጣው ደግሞ የአንድ ከተማ ራቢ ነው። ከ1989 ገደማ ጀምሮ የነታንያው ራቢ ዴቪድ ሸሉሽ ያለ ጥርጣሬ ይመዘግቡን ጀመር። ከኪርያት ጋትም፣ ከአፉላም፣ ለጋብቻ ወደ ነታንያ። የእኛ ቶሮንቶ ነታንያ ነበረች።

ቄሶቻችንስ? ጎንደር ሙሽራውን ቀሸራ አስረው፣ ቀዩንና ነጩን ክር ግንባሩ ላይ አድርገው ሲያጋቡ የኖሩ ሰዎች፣ እዚህ የማጋባት ሥልጣን ተነፈጉ። ራቢው ሑፓ ሥር ቆሞ ያጋባል፤ ቄሱ በጎን ቆመው ይመርቃሉ። ስለዚህ አንዳንድ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን የመንግሥት ጋብቻን ሲያወግዙ ስሰማ ግራ ይገባኛል። መንግሥት የራሱን መዝገብ ቢከፍት መጀመሪያ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ልጆቹ ጠዋት ፈርመው ይመጣሉ፣ ከሰዓት ቄሱ እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት ያጋቧቸዋል፣ ራባኑት የሚገባበት የለም።

«እሱስ ይሁን፤ ግን ለወንድና ለሴት ብቻ ይከፈት፤ አለዚያ ባህላችን ይጠፋል» የሚል መልስ ደርሶኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። የአጎት ልጅ ማግባት ለእኛ ነውር ብቻ አይደለም፣ ሲነገር ራሱ ይቀፋል። ራባኑት ግን የአጎት ልጆችን ያጋባል፤ ሃላኻውም የአገሩም ሕግ ይፈቅዳል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእኛ መካከል «ለቤተ እስራኤል ባህል ሲባል የአጎት ልጆች ጋብቻ በሕግ ይከልከል» ብሎ ሰልፍ የወጣ ሰው አውቃችኋል? የለም። ምን አደረግን? እኛ አላገባንም፣ በቃ። ሌላው አገባ፣ እኛ ቆጠርን፣ ልጆቻችንንም አስቆጠርን። የምንጸየፈውን ነገር የሚፈቅድ ሕግ ሥር ባህላችንን ይዘን መኖር እንደምንችል ከማንም በላይ እናውቃለን። ታዲያ ለዚህኛው ብቻ ፖሊስና መዝጋቢ እንዲጠብቅልን የምንፈልገው ለምንድን ነው?

ሌላው መልስ ይከብዳል። «እኛ ራሳችን ገና አልተቆጠርንም፤ ልጆቻችን በፖሊስ ጥይት ይሞታሉ፤ የሌላ ሰው ሸክም ምን አሸከመን?» ይህን የሚለው ሰው ክፉ አይደለም። ድካሙ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር ረስቷል። በ2015ም በ2019ም መንገድ ስንዘጋ፣ ከመኪናው ወርዶ ያላንቋሸሸንን፣ አብሮን የቆመውን ሰው «አንተን ምን አገባህ?» አላልነውም። ደግሞስ «ሌላ ሰው» ማን ነው? የእኛ ልጆች አይደሉም እንዴ? ውጭ አገር ያገባ ልጇን የሠርግ ፎቶ ሳሎን ያልሰቀለች፣ ቁም ሣጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ያስቀመጠች እናት አውቃለሁ። ለጎረቤት ልጁ ለትምህርት ሄዷል ትላለች። ለብቻዋ ስትሆን ታወጣዋለች።

ደሙንም አንርሳ። በ1996 የሰጠነውን ደም የደም ባንኩ ኤድስ ይኖርበታል ብሎ በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ታወቀ፤ ኢየሩሳሌም ድንጋይና አስለቃሽ ጋዝ ሆነች። በዚያው ባንክ፣ በዚያው በሽታ ስም፣ ደማችሁን አንፈልግም ሲባሉ የኖሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ወንድ የሚወዱ ወንዶች። ለእነሱ ጥያቄው ከቅጹ የወጣው በ2021 ነው። ያኔ ብዙዎቻችን አልሰማንም፤ የሰማነውም የእኛን ነገር አላስታወሰንም። ከዚህ የበለጠ የሚመስለን ሕዝብ ከየት ሊመጣ ነው?

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ተረት ለዚህ የሚጠቅሱትንም ሰምቻለሁ። ይህ ቀዳዳ ግን በቶሮንቶም በዩታም ከተቀደደ ቆየ፤ ጅቡ የት አለ? ያየነው ግብር የሚከፍሉ፣ ልጅ ከጋን የሚያመላልሱ፣ ሚሉኢም ሲጠሩ የሚሄዱ ሰዎችን ነው። ጥቅምት 7 ቀን 2023 ከወደቁት አንድ የተጠባባቂ መኮንን በዚያው ወር ከወንድ እጮኛው ጋር ሊጋባ ቀን ቆርጦ ነበር። ከእሱ ሞት በኋላ ክኔሴት በጦርነት የወደቁ ሰዎችን ቤተሰብ የሚመለከተውን ሕግ ቃል አሻሽሎ፣ ተመሳሳይ ፆታ ያለው የትዳር ጓደኛም የሟች ቤተሰብ እንዲባል አደረገ። ጥሩ አደረገ። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። «ባልህ» ሳይለው «ባል የሞተብህ» አለው።

የምጠይቀው ረጅም አይደለም። ሁለት ለአቅመ ጋብቻ የደረሱ ሰዎች፣ ወንድም ይሁኑ ሴት፣ በአገራቸው ሹም ፊት ፈርመው የሚጋቡበትና የሚፋቱበት አንድ ሕግ ይውጣ። ማንም ራቢ፣ ማንም ቄስ፣ ማንም ሼኽ ያላመነበትን እንዲያጋባ አይገደድ፤ ሥርዓቱም የራሱ ይሁን። መዝገቡ ግን የአገሩ ነው። የመንግሥት ጋብቻ ሕግ ለክኔሴት ደጋግሞ ቀርቦ ደጋግሞ ወድቋል፤ ገናም ይቀርባል። በእኛ ድምፅ የተመረጡ ሰዎች ለስብሰባ ሲጠሩን የምንጠይቃቸው ስለ ቤትና ጎንደር ስለቀሩት ዘመዶቻችን ነው፤ ተገቢ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ እጅ ይውጣና ይህንንም ይጠይቅ፦ ያን ቀን ድምፅ ሲሰጥ አዳራሽ ውስጥ ትሆናላችሁ ወይስ ቡና ልትጠጡ ትወጣላችሁ?