መርከቡ ሲሄድ ምን ይቀራል?

የድሮ መንገደኛ መርከቦችን ፎቶ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ በውድ ዋጋ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ የሚደረድርን ሰው ያየ "ገንዘብ ተርፎት ነው" ሊል ይችላል። ፍርዱ ችኩል ነው።

"ዩናይትድ ስቴትስ" የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1952 በመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ ክብረ ወሰን ሰበረች። በ1958 ግን የጄት አውሮፕላን በዚያው ውቅያኖስ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ፤ የቀናት ጉዞ የሰዓታት ሆነ። መርከቧ በ1969 ከሥራ ወጣች፤ ከ1996 ጀምሮ ፊላደልፊያ ላይ ቆማ ዛገች። በ2025 ከዚያ ተጎትታ ወጣች፤ ፍሎሪዳ አጠገብ ሆን ተብሎ እንድትሰጥምና የዓሣ መጠለያ እንድትሆን ተወስኗል። ያኔ በወለሏ ላይ መራመድ የሚቻለው በመጽሐፍ ገጽ ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ገጹን ሁሉ ማመን የለበትም። ኩባንያዎቹ ፎቶ የሚያስነሱት ቲኬት ለመሸጥ ነበር። ስለዚህ የአንደኛ ማዕረግ አዳራሽ በየገጹ ይገኛል፤ ከታች በእሳቱ ፊት የድንጋይ ከሰል ሲያካፋ የዋለው ሠራተኛና በሦስተኛ ማዕረግ የተሰደደው ድሃ ግን እምብዛም አይታዩም። "የታይታኒክ ውስጥ" ተብለው ከታተሙት ፎቶዎችም ብዙዎቹ የእህት መርከቧ የኦሊምፒክ ናቸው።

እውነተኛዎቹስ? በ1912 ፍራንሲስ ብራውን የተባለ የአየርላንድ ዘርዓ ክህነት ተማሪ በታይታኒክ ተሳፍሮ፣ ፎቶ እያነሳ ሄዶ፣ አትላንቲክን ሳትጀምር ወረደ። ሰውየው በ1960 አረፈ፤ የፎቶ ፊልሞቹ ክምችት የተገኘው ግን በ1985 ከአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን ሳይከፍት የሚጥል ሰው ቢያጋጥም ኖሮ ያ ሁሉ ማስረጃ አብሮ በጠፋ ነበር።

ነገሩ አዲስ አበባም ይደርሳል። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ፣ በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ ስሙ ቢለወጥም፣ አገሪቱ ጠረፍ ካጣች በኋላ እንኳ ሥራውን አላቆመም። መርከቦቹ የጭነት እንጂ የቅንጦት አይደሉም፤ ታሪካቸው ግን ከማንኛውም አዳራሽ ያልተናነሰ ነው። ስለ ባሕር በር በየዕለቱ የሚከራከር አገር፣ በባሕሩ ላይ የሠሩትን ልጆቹን ፎቶና ትዝታ መሰብሰብ እንዴት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስለዋል?

ጡረታ የወጣው መርከበኛ አልበም ዛሬ ሳሎን ውስጥ አለ። ነገ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ላይኖር ይችላል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ፎቶው ላይ ማን እንደቆመ፣ መርከቡ የትኛው እንደሆነ፣ ዓመቱ መቼ እንደነበር ጠይቆ ከጀርባው መጻፍ ብዙ ወጪ የለውም። ከዚያ በኋላ መቆጨት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።