ዕድሜያችን ተጠየቀ፤ ይዘቱስ?

ቴሌግራም ላይ በየምሽቱ «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እየተባሉ የሚለቀቁ የአማርኛ ልቦለዶችን የሚከታተል ሰው «ከ18 ዓመት በላይ ብቻ» የምትለዋን መስመር በደንብ ያውቃታል። ለይስሙላ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ሥራዋ ግን ተከታይ መሰብሰብ ነው። ክልክል የመሰለ ነገር እንደሚሸጥ ለለጣፊው ማንም ማስተማር አላስፈለገውም።

የዕድሜ ቁጥር ለአንባቢ የሚነግረው ነገር የለም ባይ ነኝ። አንባቢ የሚፈልገው ውስጡ ምን እንዳለ ነው። ያ ከተነገረው በኋላ ማንበብ አለማንበቡ የራሱ ጉዳይ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ዋልዳ በሚገኘው የስደተኞች ጣቢያ ተጠልለው ነበር። ያኔ እናቱ ጀርባ ላይ የነበረው ሕፃን እንኳ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የ18ቱን በር ያለ ከልካይ ያልፋል። የጦር ሜዳ እልቂት ወይም የመደፈር ትዕይንት ሲያነብ ሳያስበው ቢደቀንበት ግን ቁጥሩ ምን ይፈይድለታል? «ጦርነትና አስገድዶ መድፈር አለበት» የሚል ግማሽ መስመር ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ ልለፈው ማለት ይችል ነበር።

በሚወዱት መጽሐፍ ወይም ፊልም ገጸ ባሕርያት የራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉ አድናቂዎች ይህን ቀድመው አስበውበታል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በ2011 የሁጎ ሽልማት ያገኘው የአድናቂዎች ድርሰት ማኅደር፣ «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን»፣ ደራሲውን ስለ አራት ነገሮች ይጠይቀዋል፦ በዝርዝር የተገለጸ ጭካኔ፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ያሉበት ወሲብ። ደራሲው «ማስጠንቀቅ አልፈለግሁም» ማለትም ይችላል። እኔን የገዛኝ ይህኛው ነው። የታሪኩን ፍጻሜ አስቀድሞ መግለጥ የማይፈልግ ደራሲ ነጻነቱ ይጠበቅለታል፤ አንባቢም ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ እንደሚገባ አውቆ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ የሳንሱር ታናሽ ወንድም ነው የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለአሥርተ ዓመታት ሳይታተም የኖረ መጽሐፍ ነው፤ ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው ገና በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነው። ኬንያም በ2010 «ራፊኪ» የተባለውን ፊልም አግዳ፣ ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ብቻ እንዲታይ ሲፈቅድ የናይሮቢ ሕዝብ አዳራሹን ሞላው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሳንሱር አንባቢን ሳይጠይቅ ይወስንለታል፣ ማስጠንቀቂያ ነግሮት ይተወዋል።

ስብሐትን የገዛ ሰው ምን እንደገዛ ያውቅ ነበር፤ ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበርና። ቴሌግራም ላይ ይህም የለም። «ክፍል ሰባት» ከደራሲው ስም ተነጥሎ፣ ያለ «ክፍል አንድ»፣ እነ አክስቴ ባሉበት የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ዱብ ይላል። በመጀመሪያው ክፍል ላይ የተጻፈ ማሳሰቢያ እዚያው ቀርቷል።

ስለዚህ ደራሲዎች ሆይ፣ ቁጥሩን ተዉትና በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ ይዘቱን በአንድ መስመር ጻፉ። አንባቢም፣ ተነግሮህ ከከፈትከው በኋላ ደራሲውን ለማሳገድ አትሩጥ፤ ካልተስማማህ ዝጋው፣ ለሌላ ስትልከውም ማሳሰቢያውን አትቁረጥ።