መሶብ ገልብጦ አምፖል መስቀል

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስታችሁ ወደ ኤድና ሞል ወይም ወደ አትላስ ስትሄዱ «ቡቲክ ሆቴል» የሚል ጽሑፍ ደጋግማችሁ ታነባላችሁ። ግቡ እስቲ ወደ አንዱ። ከውጭ አሉኮቦንድና ሰማያዊ መስታወት ነው። ከውስጥ፣ ሎቢው ላይ መሶብ ተገልብጦ ተሰቅሏል፤ መሶቡ ውስጥ አምፖል አለ። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ጥለት የተለጠፈበት ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ቡና ተፈልቶበት የማያውቅ ጀበና፣ ደረጃው ላይ የላሊበላ ፎቶ። የስምንተኛ ፎቅ ክፍል ከሦስተኛው ጋር መንታ ነው፤ በሩ ላይ ቁጥር ባይኖር የሰከረው ቀርቶ ያልሰከረውም ተሳስቶ ይገባል።

መሶብ ላይ ጥላቻ የለኝም። የምጠላው ሒሳቡን ነው። እውነተኛ አሮጌ ቤት እናፈርሳለን፣ እዚያው ላይ ጂ ፕላስ 9 እንገትራለን፣ ከዚያ ያጣነውን ትዝታ ሽሮ ሜዳ ሄደን በሜትር እንገዛለን። ይሄንን ደግሞ «ባህላችንን ማስተዋወቅ» እንለዋለን። የሚገርመው፣ ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ገንዘቡን አውጥቷል፣ ዲዛይነር ቀጥሯል፣ ከልቡም ያምንበታል። ችግሩ ጌጥ ታሪክን የሚተካ መስሎት መነሳቱ ላይ ነው።

ቃሉ ራሱ እኮ ይመሰክርበታል። እኛ ጋ ቡቲክ ማለት የልብስ ሱቅ ስለሆነ ይሆናል ሆቴሉን ልብስ ማልበስ ብቻ የያዝነው። ስያሜው ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሁለት ሆቴሎች ለንደን በ1978 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ብሌክስና ኒው ዮርክ በ1984 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሞርጋንስ ናቸው። የመጀመሪያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን ኢያን ሽሬገርና ስቲቭ ሩቤል ከፈቱት፤ ቀድሞ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር፣ ውስጡን ፈረንሳዊቷ አንድሬ ፑትማን ነደፈችው። ሁለቱም ጋ ባለቤቶቹ አዲስ ሕንፃ አልገነቡም። አሮጌ ቤት ደግሞ ሁለት መቶ እኩል ክፍል አይሰጥም። አንዱ ክፍል ጠባብ፣ አንዱ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አንዱ ወደ ጓሮ የሚያይ ነው። ነዳፊው ከዚህ ጉድለት ጋር ተስማምቶ ሲሠራ ነው እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጠባይ የሚኖረው። ስለዚህ ባዶ መሬት ላይ ከዜሮ ተነስቶ «ቡቲክ» የሚባል ሰማንያ ተመሳሳይ ክፍል መሥራት ይቻላል፤ ስሙ ግን ሌላ ይሁንለት።

«ታዲያ ቦሌ ምን ታሪካዊ ቤት አለው?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ታሪክ ፒያሳ ነበረ፣ ቦሌ አዲስ ነው ይባላል። ተዉት ይሄን። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ የመጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የበቀሉት ቪላዎች ዛሬ ሃምሳና ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፦ ሰፊ በረንዳ፣ ዝቅ ያለ ረጅም ጣሪያ፣ ፓርኬ ወለል፣ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ከባለቤቱ የሚበልጥ ዛፍ። በዚያው ዘመን፣ በ1953 ዓ.ም.፣ የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽ ቅርስ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ በጥንቃቄ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ትልቁ ወንድም ቅርስ ከሆነ ትንንሾቹ ለምን ቆሻሻ ይሆናሉ? ዛሬ ከመድኃኔዓለም ጀርባ ባሉት ሰፈሮች አንድ ቪላ በቆርቆሮ ታጥሮ ካያችሁ ግን መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዛፉ ከሁሉ በፊት ይሄዳል።

ፒያሳ «ታሪክ ነበረ» ሲባልም «ነበረ» የሚለውን አስምሩበት። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሲሆን ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ቀጥሎ ካዛንቺስ መጣ። ሰፈሮቹ ቆሻሻ ነበሩ፣ ሽንት ቤት አልነበራቸውም፣ ጣሪያቸው ያፈስ ነበር የሚለው እውነት ነው። ናፍቆት ዓይኔን አልጋረደውም። ግን ጣሪያ የሚያፈሰው ቤት ስላረጀ ብቻ ነው እንዴ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች ወደሚባለው፣ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ወደሆነው መሥሪያ ቤት። ተከራዩ ኪራዩ ቀነሰለት፤ ያ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤቱ ግን ባለቤት አጣ። ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ብር ቆርቆሮ እንኳ አይቀይርም፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ ምስማር ቢመታ ይጠየቃል፤ ደግሞስ ነገ ለሚወሰድበት ቤት ማን ገንዘብ ያፈሳል? ግማሽ ምዕተ ዓመት ማንም ያልጠገነው ቤት ማርጀቱ ሊያስገርመን አይገባም። የሚያስገርመው የጭቃ ግድግዳው እስከ 2016 ድረስ መቆሙ ነው። ከዚያ መጥተን «አሮጌ ነው» ብለን ፈረድንበት።

በሊዝ ሥርዓቱ ደግሞ ዋጋው ያለው ቦታው ላይ ነው። አምስት መቶ ካሬ ላይ ያለ ቪላ ሲሸጥ ቤቱ በዜሮ ይገመታል፤ እንዲያውም ከዜሮ በታች፣ ምክንያቱም ማፍረሻ ይጠይቃል። ገዥውን ብቻ «ስግብግብ» እያሉ መስደብ ዋጋ የለውም። ኒው ዮርክ ለዚህ ያገኘችው መላ ተራ የንግድ ሐሳብ ነው፦ ታሪካዊ ሕንፃ ያለው ሰው ወደ ላይ ሊገነባው ይችል የነበረውን ፎቅ ለሌላ ቦታ ይሸጣል። ቤቱ ይቆያል፣ ገንዘቡ አይቀርበትም። የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ጉዳይ በ1978 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የከተማዋ ጥበቃ ሲጸና፣ ይህ የከፍታ መብት ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ነበር። ሙምባይም ለቅርስ ቤቶቿ ተመሳሳይ መንገድ ተጠቅማለች። ቦሌ ላይ አንድ ተጨማሪ ፎቅ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ከተማ ይሄ ሊከብደው አይገባም።

ቅርስ ሲባል ሙዚየም ብቻ የሚታያችሁ ካላችሁ ደግሞ ጣይቱ ሆቴልን ተመልከቱ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል። ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚነገረው መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛትን ነውር ብለው ሲሸሹ፣ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው ሒሳብ ከፍለው አሳዩአቸው። ቤቱ መንግሥታትን ተሻግሮ ዛሬ ድረስ ቆሟል። የቆመው «ቅርስ» የሚል ታፔላ ስላለው አይደለም፤ ታፔላቸውን እንደታቀፉ የወደቁ ቤቶች አሉ። የቆመው ሰው ስለሚተኛበት፣ የጾም ቡፌውን ስለሚበላበት፣ ደረጃውን ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። የሚኖርበት ቤት ሲያፈስ ወዲያው ይታወቃል፤ የተቆለፈ ቤት ሲያፈስ የሚታወቀው ሲወድቅ ነው።

ጣይቱ ሌላም ያስተምራል። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን በላው፤ ስንት ሙዚቀኛ የተጫወተበት ጃዛምባም አብሮ ነደደ። የእንጨት ወለልና የእንጨት ጣሪያ ውብ ነው፣ ደግሞም ማገዶ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤትን ሆቴል አደርጋለሁ የሚል ሰው ከመጋረጃ ቀለም በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩን ከሥሩ ይቀይር፣ ሁለተኛ መውጫ ደረጃ ይፈልግ። «ታሪካዊ ነው» የሚለው ቃል ለተቃጠለ ሶኬትና ለሚንጠባጠብ ቧንቧ ይቅርታ ሆኖ ሲቀርብ እኔም ያመኛል። እንግዳው የከፈለው ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሙቅ ውኃም ይፈልጋል።

ውኃው ነው ዋናው ፈተና። የጭቃ ግድግዳና ሻወር ጠላቶች ናቸው። ብልህ ነዳፊ መታጠቢያውን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አያጣብቅም፤ ክፍሉ መሀል እንደ ቁም ሣጥን ራሱን ችሎ ያቆመዋል፣ ወይም ወደ ሰርቪሱ ይወስደዋል፤ ቧንቧውንም ግድግዳ ሳይሰረስር በውጭ በኩል ያስኬደዋል። ሮቶው አሮጌው ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የግድ ነው፣ የሚቆምበት ግን ከጓሮ በራሱ ማማ ላይ ነው። ግድግዳውን «ለማጠንከር» ብሎ በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ግድያ ነው፦ ጭቃ እርጥበቱን ወደ ውጭ መተንፈስ አለበት፣ ሲሚንቶው ያፍነዋል፣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ኖራ ይበቃዋል። የሰፈር ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር፤ ዛሬ የሚጠይቃቸው የለም። በረንዳውን በመስታወት መዝጋት ለምን እንደምንወድ እስካሁን አልገባኝም። ቤቱ ውስጥ ከሁሉም የሚሻለው ክፍል እኮ በረንዳው ነው።

ይሄ ሁሉ ለፈረንጅና ለሀብታም አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ከተሞች ውስጥ የሆነው እሱ ነው፦ ነዋሪው ይወጣል፣ ቤቱ ይወለወላል፣ አልጋው በዶላር ይከራያል። ነዋሪውን አስወጥቶ ቤቱን ብቻ ማዳን ሬሳ እንደማድረቅ ነው። ግን ሌላ መንገድ መኖሩን ለማየት ሐረር መሄድ ይበቃል። ጁገል ውስጥ ቤተሰቡ ሳይወጣ በሚኖርበት የአደሬ ቤት እንግዳ ያድራል። ከፍና ዝቅ ባሉት ነደባዎች ላይ ይቀመጣል፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው የአለላ ስፌትና ሳህን የቤቱ ሰዎች የራሳቸው ነው፣ ጠዋት ቁርሱን የሚያቀርቡለት እነሱ ናቸው፤ ገቢውም ቤቱን ይጠግናል። እዚያ ስፌቱን ገልብጦ አምፖል የሚያደርገው የለም፤ ሥራ አለዋ።

ቦሌ ላይ ይህን የሚከለክል የመሬት ሕግ ብቻ አይደለም። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መንካት ይከለክላል፤ መጀመሪያ ግን ቅርስ ብሎ የመዘገበው ሊኖር ይገባል። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር የአዲስ አበባን ሕንፃዎች የመዘገቡበት ትልቅ መጽሐፍ በ1941 እ.ኤ.አ. ያቆማል፤ ቦሌ ደግሞ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የቦሌ ቪላ በወረቀት ላይ የለም። የሌለን ነገር ማፍረስ ደግሞ ማንንም አያስጠይቅም።

መዝገቡን ለመጀመር ሚኒስቴር መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የአርክቴክቸር ተማሪ አለ፣ ካሜራ ያለው ስልክ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ፣ ግቢው ውስጥ ያደጉ ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከመድኃኔዓለም እስከ ሩዋንዳ መገንጠያ ያለውን ብቻ በአንድ ክረምት መጨረስ ይቻላል፦ በረንዳው፣ ወለሉ፣ ሰርቪሱ፣ ዛፉ፣ ማን ይኖርበት እንደነበር። ቆርቆሮ አጥሩ ከመቆሙ በፊት ከሆነ ነው የሚጠቅመው።