ጉቦን የሚጠላ ዳኝነትን ይውደድ

በአገራችን ከሚነገሩት ተረቶች ብዙዎቹ አእምሮን የሚያበሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን እንደ ነቀዝ ጎተራችንን ሲበላ የኖረ ነው። ይኸውም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። ይህ ተረት ሹመትን ከአደራነት አውጥቶ ማዕድ ያደርገዋል፤ ተሿሚውንም ከአገልጋይነት አውጥቶ እድምተኛ ያደርገዋል። ማዕዱ ግን የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በዚህ ተረትና እርሱን እየጠቀሱ ኅሊናቸውን በሚያስተኙ ሰዎች ላይ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ጉቦ የሚለዋውጠው ልብስ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እጅ መንሻ፣ አንዳንድ ጊዜ መማለጃ፣ በዘመናችንም «የሻይ» ይባላል። ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ጉዳዬን ለማስፈጸም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ብመላለስ፣ ፋይልህ ጠፍቷል ተባልሁ። በአራተኛው ቀን አንድ ጸሐፊ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ለሻይ ትንሽ ቢያስቡልን ፋይሉ ይገኝ ነበር» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ ሻይ ከጠማህ ቤቴ ና፤ ፋይሉ ግን የእኔ ነው» ብዬው ወጣሁ። ፋይሉ ከሦስት ወር በኋላ ተገኘ።

ያ ጸሐፊ ሊሸጥልኝ የፈለገው ምን ነበር? የእኔኑ መብት ለእኔው ነበር። እንግዲህ የስጦታና የጉቦ ልዩነት ይህ ነው። ስጦታ የሚሰጥ ሰው የራሱን ይሰጣል፤ ጉቦ የሚበላ ሰው ግን የሌላውን ይሸጣል። መብት ከተሸጠ ደግሞ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፤ የሌለው በር ላይ ይቀራል። መንጃ ፈቃድ በገንዘብ የሚወጣ እንደ ሆነ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ገዢው ብቻ አይደለም፤ አውቶቡሱ ገደል ሲገባ ተሳፋሪው በነፍሱ ይከፍላል።

«ደመወዝ ካልበቃ ሰው ምን ያድርግ?» የሚሉ አሉ። የደመወዝ ማነስ እውነተኛ ችግር መሆኑን እኔ መምህር የነበርሁት አልክድም። ነገር ግን ደመወዝ ያነሰው ሰው አቤቱታውን ማቅረብ የሚገባው ለቀጣሪው ነው እንጂ ወረፋ ይዛ ለቆመችው መበለት አይደለም። ደግሞስ የሕዝብ ገንዘብ በብዛት የሚዘርፉት ደመወዛቸው ያነሰ ናቸውን?

ሌሎችም «ሕግ የለም» ይላሉ፤ ይህም ሐሰት ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት የሙሴ ሕግ ዳኛ ጉቦ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ የአባቶቻችን ፍትሐ ነገሥትም እንደዚሁ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጉቦን ቀጥቷል። በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዘዘ። የ2007 ዓ.ም. የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ደግሞ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይቀጣል። ስለዚህ የጎደለን የሕግ ወረቀት አይደለም፤ ሕጉን የሚወድ ልብ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እመጣለሁ፤ ይህኛው የእናንተ የወጣቶች ስሕተት ስለ ሆነ ከፊተኛው ይልቅ ያሳስበኛል። አንድ ባለሥልጣን በሙስና ተጠርጥሮ እጁ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲታይ ታጨበጭባላችሁ። ማስረጃው ምንድን ነው? ሳትሉ «ይበለው!» ትላላችሁ። ይህ ጭብጨባ ወዴት እንደሚያደርስ ከቅርብ ታሪካችን ልንገራችሁ።

በ1993 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፣ ቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተጠርጣሪው ግን ከፍርድ ቤት ሲወጡ እንደ ገና ተያዙ። በዚያው ሰሞንም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 239፣ ወጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዋስ የመለቀቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሕግ በሚደነግገው ልዩ ሁኔታ ዋስትናን መንፈግ የሚችለውም ፍርድ ቤት መሆኑን ይደነግጋል። ያ ማሻሻያ ግን ሚዛኑን ከዳኛው እጅ ነጠቀ። እኚህ ሰው በደለኛ ነበሩ ወይስ ንጹሕ፣ የእኔ ክርክር በዚያ ላይ አይደለም። ክርክሬ የዳኛ ትእዛዝ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ በመሻሩ ነው።

ልብ በሉ! ጉቦ የሚበላ ዳኛ ፍርዱን ለገንዘብ ያስገዛል፤ የዳኛን ትእዛዝ የሚሽር ባለሥልጣን ደግሞ ፍርዱን ለጉልበት ያስገዛል። የሁለቱ እናት አንዲት ናት፤ በሕግ ወንበር ላይ የሰውን ፈቃድ ማስቀመጥ ናት። በፀረ ሙስና ስም የሚፈጸም ግፍ ሙስናን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሌባው ሲያዝ «የፖለቲካ ተበቃዮች አጠቁኝ» የሚልበትን ሽፋን ይሰጠዋል። ሕዝቡም እውነተኛውን ክስ ከሐሰተኛው መለየት ያቅተዋል።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። ለገዛ መብታችሁ አትክፈሉ፤ ቢዘገይባችሁም ታገሡ። የምትከፍሉትን ሕጋዊ ክፍያ በደረሰኝ ክፈሉ። ያያችሁትን በደል መስክሩ፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ለምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጣልና በእርሱ ተማምናችሁ ተፈጻሚነቱን ጠይቁ። ያላያችሁትን ግን አትመስክሩ። ሰው ሲታሰር አታጨብጭቡ፤ ሲፈረድ ፍርዱን መርምሩ። ዳኛ ማስረጃ አጥቶ ተከሳሹን ቢያሰናብት «ተገዝቷል» ለማለት አትቸኩሉ። የዳኞች ነጻነት ሲነካ ግን፣ የተነካው የምትጠሉት ሰው ጉዳይ ቢሆን እንኳ፣ ዝም አትበሉ።

ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱም ዳኛ ይሆናል። ያን ጊዜ «ብላ» የሚላችሁ ድምፅ በአንድ ወገን፣ «እሰር» የሚላችሁ ድምፅ በሌላ ወገን ይመጣል። ለሁለቱም የምትሰጡት መልስ አንድ ይሁን፤ «ሕጉ ምን ይላል?» በሉ። ሲሻሩ የማይቆጩ ሹማምንት የሚገኙት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።