የጋዜጠኛ ቦታ ከመድረክ ጀርባ አይደለም

አንድ ታዋቂ ድምፃዊ በትልቅ አዳራሽ ሊዘፍን ሲመጣ፣ የኛም ሆነ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ከሁሉ አስቀድመው የሚሯሯጡት ከመድረክ ጀርባ ገብተው ለማነጋገር ነው። ፕሮሞተሩ ይለመናል፤ ማኔጀሩ ጋ ይደወላል፤ አንገት ላይ የምትንጠለጠለው ባጅ ስትገኝ ሥራው ያለቀ ያህል ይቆጠራል። በማግሥቱ “ልዩ ቃለ ምልልስ” ተብሎ ማስታወቂያው ይለቀቃል። ይህ ልማድ የሙዚቃ ጋዜጠኝነትን እየጎዳው ነው ብዬ አምናለሁ። የጉዳቱ ምክንያት የጠያቂዎቹ ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሥልጠና ይስተካከል ነበር። ጎበዝ ጠያቂ ቢገባም ይዞት የሚወጣው ያው ነው፤ ችግሩ ያለው ቦታውና ሰዓቱ ላይ ነውና።

ቦታውን ጠጋ ብለን እንየው። አሥራ አምስትና ሃያ ሺሕ ሰው የሚይዙት የአሜሪካ አሬናዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለቅርጫት ኳስና ለበረዶ ሆኪ ነው። “ከመድረክ ጀርባ” ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነው፤ የሚያገኘው ግን ረጅም የሲሚንቶ ኮሪደር፣ በጎማ የሚገፉ ጥቁር የዕቃ ሣጥኖች፣ ወለሉ ላይ የተጠቀለለ ኬብል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሶፋ የገባበት የስፖርተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ቀኑ በደቂቃ የተሸነሸነ ነው። ጠዋት የጭነት መኪኖቹ ይራገፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሳውንድ ቼክ አለ፤ ቀጥሎ ተጨማሪ ከፍለው ከድምፃዊው ጋር ፎቶ የሚነሡ አድናቂዎች ይገባሉ፤ ከዚያ ሜካፕ፣ ከዚያ መድረክ። ሌሊቱን ሁሉም ተነቃቅሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይጫናል። ለጋዜጠኛው የምትተርፈው በመሐል ያለችው አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ በሩ ሥር ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ስለ ክሱ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ቲኬቱ ዋጋ እንዳይነሣ አስቀድሞ ተነግሯል። ድምፃዊውም ጉሮሮውን ለማታው መቆጠብ አለበት። እዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው የልቡን እንዲያወጣ መጠበቅ ለሰውየውም አለማዘን ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ከተማችንን እንዴት አገኘሃት? ምግባችንን ቀመስሽ? ለአድናቂዎችህ ምን መልእክት አለህ? የውጭ ዘፋኝ አዲስ አበባ ላይ ሲጠየቅም፣ ከአዲስ አበባ የሄደ ዘፋኝ ዋሽንግተን ላይ ሲጠየቅም ጥያቄው አንድ ነው። መልሱም አንድ ነው፤ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ፍቅራችሁ የተለየ ነው። ትናንት በሌላ ከተማ ያለው ይህንኑ ነው፤ ነገም በሌላ ከተማ ይደግመዋል። አድማጭ ከዚህ ስለ ሙዚቃው የሚያገኘው አንድም ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ቦታ ኮንሰርቱ ራሱ የማይሰማበት መሆኑ ነው። ግዙፎቹ ድምፅ ማጉያዎች የተዘረጉት ወደ ሕዝቡ ነው፤ ከኋላ ለቆመ ሰው የሚደርሰው የቤዙ ጉርምርምታ ነው። ለሕዝቡ የሚለቀቀውን ድምፅ የሚያቀናብረው ባለሙያ ሚክሰሩን ዘርግቶ የሚቀመጠው አዳራሹ መሐል፣ ተመልካቹ መካከል ነው፤ ሌላ ቦታ ሆኖ ሥራውን መሥራት አይችልማ። ድምፃዊው እንኳ በጆሮው በሰካው ማዳመጫ የሚሰማው ለእሱ ብቻ የተቀናበረ ድምፅ ነው፤ ሕዝቡ የሰማውን እሱ አልሰማም። “ኮንሰርቱ እንዴት ነበር?” ብለን የምንጠይቀው እንግዲህ በአዳራሹ ካለው ሰው ሁሉ ለይተን፣ ሌሎች የሰሙትን ያልሰማውን ሰው ነው።

ነገሩ ከድምፅም ያልፋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 1979 ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ፣ ሪቨርፍሮንት ኮሊሲየም በተባለው አሬና ለመጫወት ተዘጋጅቷል። አብዛኛው ቲኬት የመቀመጫ ቁጥር የሌለው፣ ቀድሞ የገባ ፊት የሚይዝበት ነበር። በብርድ ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብ በሺዎች ይቆጠራል፤ የተከፈቱት በሮች ግን ጥቂት ነበሩ። ከውስጥ የተሰማው ድምፅ ኮንሰርቱ የተጀመረ ስላስመሰለው ሕዝቡ ወደ በሮቹ ገፋ። 11 ወጣቶች ታፍነው ሞቱ። ኮንሰርቱ ግን ቀጠለ፤ የባንዱ አባላት የሆነውን የሰሙት ተጫውተው ከወረዱ በኋላ ነው። ከተማዋ ከዚያ በኋላ የመቀመጫ ቁጥር የሌለውን አሠራር ከለከለች፤ ክልከላው እስከ 2004 ድረስ ጸንቷል። የዚያን ምሽት ትልቁ ወሬ በር ላይ ነበር። ከመድረክ ጀርባ የነበረ ጋዜጠኛ፣ ከባንዱ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ እንኳ፣ ምንም አያውቅም ነበር።

የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የቲኬት ሻጩ ቲኬትማስተርና የኮንሰርት አዘጋጁ ላይቭ ኔሽን በ2010 ከተዋሐዱ ወዲህ የአሜሪካን ትልልቅ ኮንሰርቶች ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ማን እንደሚሸጥ፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ የመወሰን ሥልጣን በአንድ ድርጅት እጅ ወድቋል የሚለው ቅሬታ እየጨመረ ሄደ። በኖቬምበር 2022 ለቴይለር ስዊፍት ቱር የተከፈተው ሽያጭ ሲንኮታኮት ጉዳዩ ሴኔት ደረሰ፤ በሜይ 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ድርጅቱን በሞኖፖል ከሰሰው። ይህ ቲኬት የሚገዛውን ሰው ኪስ የሚነካ ጉዳይ ነው፤ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ግን እንዳይነሣ ከተከለከሉት አንዱ ነው።

“አድናቂው ይፈልገዋላ!” የሚል መልስ እሰማለሁ። ዱሮ እውነት ነበር። ዛሬ ድምፃዊው ራሱ ከዚያው ክፍል፣ ከዚያው ሶፋ ላይ ሆኖ በስልኩ በቀጥታ ያወራዋል። ታላላቆቹ ኮከቦች ይህን ከኛ ቀድመው ተረድተዋል። ቢዮንሴ በ2015 የቮግ መጽሔት የሴፕቴምበር ሽፋን ላይ ስትወጣ ቃለ ምልልስ አልሰጠችም። የስዊፍት ቱር ከማርች 2023 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ 149 ኮንሰርት ተካሂዶበት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ እሷ ለጋዜጠኛ የተቀመጠችው ከስንት አንዴ ነው። በሩን አሁንም የሚከፍትልን በአብዛኛው ያልተሸጠ ቲኬት ያለበት አዘጋጅ ነው። ቃለ ምልልስ አደረግን ስንል ማስታወቂያውን በነፃ ሠርተንለታል።

ቀርቦ ከማየት የተገኘ ታላቅ ሥራ የለም እያልኩ አይደለም። ካሜሮን ክሮው በ1973 ገና በ16 ዓመቱ ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጋር ሳምንታት ተጉዞ ጽፏል። ዲ. ኤ. ፔንቤከር በ1965 ቦብ ዲለን እንግሊዝን ሲዞር ካሜራውን ይዞ ተከተለው፤ በ1967 የወጣው ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያ ፊልም ውስጥ ተራ ይዘው የሚገቡ ጋዜጠኞችም አሉ። ይገባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከዲለን ጋር ይነታረካሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ቦብ ዲለንን ያሳየን ሳይቸኩል አብሮ የሰነበተው ካሜራ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ጊዜ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያንገበግባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ መጣ። ሙዚቀኞቹንና አሳታሚዎቹን እየፈለገ፣ እየተመላለሰ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ የተሰኘውን ተከታታይ አልበም አወጣ፤ ዓለም ሙላቱ አስታጥቄንም ሌሎቹንም ያወቀበት አንዱ ትልቅ በር እሱ ነው። ይህን ሥራ የሠራው ሸክላውን አስቀድሞ አዳምጦ፣ ምን እንደሚጠይቅ አውቆ የመጣ ሰው ነው። እኛ እነዚህን ሰዎች በቋንቋቸው ማነጋገር የምንችል ነን። የሳክስፎኑን ክፍል ማን አቀናበረው? ትዝታን በዚያ ፍጥነት መጫወት የማን ሐሳብ ነበር? ይህን የሚመልሱልን አንጋፋዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ኮንሰርት ባላቸው ቀን ኮሪደር ላይ ማይክ ደቅነን የምንጠይቃቸው ግን ስለ አድናቂዎቻቸው ፍቅር ነው።

ቢዮንሴ በኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ ዘፍና ሄዳለች። ዛሬ ስለዚያ ምሽት ማንበብ የምፈልገው አዲስ አበባን ወደደቻት አልወደደቻት የሚለውን አይደለም። አዲሱ አዳራሽ ያንን ድምፅ እንዴት ቻለው? ከኋላ የቆመው ሰው ምን ሰማ? ቲኬቱ የአንድ መምህር ስንት ቀን ደመወዝ ነበር? የኛ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች ከእሷ ቡድን ጋር ሠርተው ምን ተማሩ? ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሰጡት ሰዎች ሕዝቡ መካከል፣ ሚክሰሩ ጋ፣ በሩ ላይ ነበሩ። አንዳቸውንም ለማነጋገር ባጅ አያስፈልግም።

የጋዜጣ አዘጋጆችና የሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የሚቀጥለው ትልቅ ኮንሰርት ሲመጣ ባጁን አትለምኑ። ለጋዜጠኛችሁ ቲኬት ግዙለትና ሕዝቡ መሐል ይቁም። ሌላውን በር ላይ አቁሙት፤ ስንት በር እንደተከፈተ፣ ሰው ስንት ሰዓት እንደተሰለፈ ይቁጠር። ከድምፃዊው ጋር መነጋገር ከፈለጋችሁ ኮንሰርት በሌለበት ቀን አንድ ሙሉ ሰዓት ጠይቁ፤ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰውም ላኩ። ሰዓቱ ካልተሰጣችሁ ያለ ቃለ ምልልስ ጻፉ።