ውርስ ወይስ አደራ?

በአማርኛችን «ቅርስ» እና «ውርስ» እንደ መንታ ልጆች አብረው የሚጠሩ ቃላት ናቸው። ለዚህም ይመስለኛል ቅርስ የተባለ ነገር ሁሉ ካለፈው ትውልድ እጅ ወደ ተረካቢው እጅ በሰላም የሚተላለፍ፣ ወራሹም እንደ ፈቃዱ የሚያደርገው ንብረት መስሎ የሚታየን። ነገር ግን ባለቤቱ ተገድሎ ወይም ተሰድዶ፣ ልጆቹም አብረውት ጠፍተው፣ ዕቃው ብቻ በጎረቤት እጅ የቀረ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ ጎረቤቱ ምን ይባላል? ወራሽ ነውን? እኔ በበኩሌ አይደለም እላለሁ። ለእንዲህ ያለው ይዞታ አማርኛችን ሌላ ቃል አለው፤ አደራ ይባላል።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት የአውሮፓ ከተሞች ስለ አይሁዳውያን ታሪክና ባህል የሚያዘጋጇቸውን ዐውደ ርእዮችና በዓላት ከሩቅ ሆኜ፣ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ስከታተል ከቆየሁ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዓለም የመጀመሪያው የአይሁድ ሙዚየም በ1895 በቪየና ሲከፈት፣ የከፈቱት አይሁዳውያን ራሳቸው ነበሩ፤ ናዚዎች በ1938 ዘጉት። ዛሬ ስማቸው የገነነው ትልልቅ ሙዚየሞች ግን፣ በ2001 የተከፈተው የበርሊኑም ሆነ በ2014 ቋሚ ዐውደ ርእዩን ያስመረቀው የዋርሶው «ፖሊን»፣ የቆሙት ከባለቤቶቹ የሚበዙት ካለቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በአመዛኙ በሌላ ሰው እጅ ነው። የእነዚህን ቤቶች መልካምነት በሕንፃቸው ውበት ወይም በጎብኚዎቻቸው ብዛት መለካት የለብንም ባይ ነኝ። መለኪያው የአደራ መለኪያ ሊሆን ይገባል፦ ዕቃው የማን ነበር? እንዴት እዚህ ደረሰ? ጠባቂውስ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው?

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ግጥም የምሞክረው ማታ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ በእጄ ከሚያልፈው ብር አንዲቱም የእኔ አይደለችም። ሥራዬ ያስተማረኝ ትልቅ ነገር ቢኖር፣ ባለሒሳቡ ለዓመታት ድምፁ ቢጠፋ ገንዘቡ የባንኩ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ነው። የስዊዘርላንድ ባንኮች ይህን እውነት የተቀበሉት እጅግ ዘግይተው ነው። አይሁዳውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያስቀመጡት ገንዘብ፣ ባለቤቶቹ በናዚ ካምፖች ካለቁ በኋላ፣ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በዝምታ ተቀምጦ ኖረ። ልጆቻቸው ሲመጡ የሞት የምስክር ወረቀት የተጠየቁ ነበሩ፤ በጋዝ ክፍል ለታፈነ ሰው ግን የሞት ወረቀት ማን ይጽፍለታል? በ1997 የባለሒሳቦቹ ስም ዝርዝር በዓለም ጋዜጦች ታተመ፤ በ1998 ባንኮቹ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ገንዘብስ ይቆጠራል። ዜማ፣ ጸሎት፣ በቀለም ያጌጠ የምኩራብ ጣሪያ በምን ይቆጠራል? የሙዚየሙ አደራ ከባንኩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ፕራግን እንመልከት። የፕራግ የአይሁድ ሙዚየም የተቋቋመው በ1906 ነው። ናዚዎች አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ከ1942 ጀምሮ፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሞት ከተጋዙባቸው የቦሄሚያና የሞራቪያ ከተሞች የተሰበሰበው ንዋየ ቅድሳት በዚያ ተከማቸ። ዕቃውን አንድ በአንድ እየለዩ በካርድ ላይ ያሰፈሩት አይሁዳውያን ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ኋላ ተጋዙ። በአንድ እጅ የሟቹን ዕቃ እየመዘገቡ የራሳቸውን ተራ የጠበቁትን እነዚያን ሰዎች ሳስብ፣ መዝገብ መያዝ ተራ ሥራ ነው ለማለት አልደፍርም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኮሙኒስቱ መንግሥት በ1950 ሙዚየሙን የመንግሥት ንብረት አደረገው። ለአይሁዳውያኑ ማኅበረሰብ የተመለሰው በ1994 ነው። ከመሥራቾቹ እጅ ወጥቶ፣ በዘራፊ እጅና ወራሽ ነኝ ባይ እጅ አልፎ፣ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያው ክምችት የወጣ አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ እርሱ ነው። በ1964፣ 1,564 የኦሪት ጥቅልሎች ከፕራግ ወደ ለንደን መጡ። የቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት ሸጧቸው፣ አንድ በጎ አድራጊ ገዝቷቸው፣ ዌስትሚንስተር በሚባለው ምኩራብ ዐረፉ። ብዙዎቹ ውኃና እሳት የነካቸው ነበሩ። ጥቅልሎቹን የሚጠብቀው የባለአደራ ማኅበር አንዱንም አይሸጥም። በየአገሩ ላሉ ምኩራቦች በውሰት ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ጥቅልል ቁጥር አለው። ተዋሹ ማኅበረሰብ ጥቅልሉ የመጣበትን ከተማና ያለቁትን ሰዎቹን እንዲያስብ ይጠበቅበታል። ውሰት የሚለው ቃል ምን ያህል ትሕትና እንዳለው ልብ በሉ፤ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ ከሚታይ ይልቅ የሚነበብ፣ ሆኖም «የእኔ ነው» የማይባል ቅርስ! በእኔ ዐይን ይህ ከብዙ ሐውልት ይበልጣል።

በፕራጉ የፒንካስ ምኩራብ ግድግዳዎች ላይ ደግሞ ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ያለቁ ወደ 80,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ስሞች በእጅ ተጽፈዋል። ስሞቹ መጀመሪያ የተጻፉት በ1950ዎቹ ነበር። ከ1968 በኋላ ግን ቤቱ ከሃያ ዓመታት በላይ ተዘግቶ፣ ጽሑፉም ጠፍቶ ቆየ። በ1990ዎቹ እንደ ገና ከመጀመሪያው ተጻፈ። አደራን መጠበቅ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሥራ እንዳልሆነ የሚያስረዳ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ፖላንዷ ክራኮው ስንሻገር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከጦርነቱ በፊት በከተማዪቱ ወደ 60,000 አይሁዳውያን ይኖሩ ነበር። የጥንት መንደራቸው ካዚሜዥ ከጦርነቱ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት ተጎሳቁሎ ኖረ። በ1988 አይሁዳዊ ያልሆነው ያኑሽ ማኩህ ከጓደኛው ጋር የአይሁድ ባህል ፌስቲቫልን መሠረተ። ዛሬ ሽሮካ በምትባለው ሰፊ ጎዳና ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለክሌዝመር ሙዚቃ ሲጨፍሩ የተነሡ ፎቶግራፎች ዓለምን ዞረዋል። ጎዳናው ላይ ባሉት ሱቆች ደግሞ ገንዘብ የሚቆጥር ወይም ሳንቲም የጨበጠ ሽማግሌ አይሁዳዊ ምስል፣ በእንጨት ተቀርጾ ሲሸጥ ኖሯል። በፖላንድ ይህን ሥዕል ሀብት ያመጣል ብለው በቤትና በሱቅ የሚሰቅሉ አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተገልብጦ ከተሰቀለ ገንዘቡ ወደ ቤት ይፈስሳል የሚሉም አሉ።

እነሆ የውርስና የአደራ ልዩነት! ወራሽ ነኝ የሚል ሰው የሟቹን መልክ እንዳሻው ይቀርጻል፤ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጠውን የፖላንድ አይሁዳዊ፣ ጫማ ሰፊውን፣ ባለቅኔውን፣ ሐኪሙን፣ ድኻውን ሁሉ፣ አንድ ሳንቲም አስጨብጦ በመደርደሪያ ያቆመዋል። የሚገዛው ሰው ክፋት ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ባለቤቱ ተነሥቶ «ይህ እኔ አይደለሁም» ሊል በማይችልበት ቦታ ላይ፣ የዋህነት ብቻውን በቂ አይደለም። የክራኮው የኢትኖግራፊ ሙዚየም በ2013 ያደረገውን የማደንቀው ለዚህ ነው። ኤሪካ ሌረር የተባለችው አንትሮፖሎጂስት ባዘጋጀችው ዐውደ ርእይ፣ እነዚያኑ የእንጨት ምስሎች ሰብስቦ፣ ማን እንደ ሠራቸውና ምን ትርጉም እንደ ተሸከሙ ጎብኚውን ጠየቀ። ምስሉን ከመደበቅም ከመሸጥም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው።

«ታዲያ ፌስቲቫሉ ባይኖር ይሻል ነበር? መንደሩ ቢፈርስ፣ ዜማው ቢረሳ ትመርጣለህን?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አልመርጥም። ያ ጭፈራ ብዙ ፖላንዳውያንን ስለ ጎረቤቶቻቸው እንዲጠይቁ እንዳደረጋቸው አምናለሁ፤ በ2008 ሕያዋን አይሁዳውያን የሚሰባሰቡበት የማኅበረሰብ ማእከል በዚያው መንደር ተከፍቷል። ባለአደራ ደግሞ አደራውን መውደድ የለበትም የሚል ሕግ የለም፤ እንዲያውም ከወደደው አጥብቆ ይጠብቀዋል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዜማውን የሚያሰማን ሰው ባለዜማዎቹ የት እንደ ገቡም ይንገረን።

ይህን መናገር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የዋርሶው «ፖሊን» ሙዚየም የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክን ይዟል፤ ከዕንቁዎቹ አንዱ የጠፋው የግቮዥዴትስ የእንጨት ምኩራብ ጣሪያ፣ በጥንቱ መሣሪያና በጥንቱ ቀለም እንደ ገና ተሠርቶ የቆመው ነው። ለዚህ ማንም አልተቆጣም። ሙዚየሙ በ2018 ግን የ1968ቱን ዘመቻ የሚያስታውስ ዐውደ ርእይ አቀረበ፤ የኮሙኒስቱ መንግሥት ከእልቂቱ የተረፉትን አይሁዳውያን እንደ ባዕድ ቆጥሮ፣ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡትን አገር ያስለቀቀበት ዘመን ነው። ዐውደ ርእዩ ያንን ንግግር ከዘመናችን ንግግር ጋር አነጻጸረ፤ ይህም በሥልጣን ላይ የነበሩትን አስቆጣ። ዳይሬክተሩ ዳሪዩሽ ስቶላ በ2019 ለሁለተኛ ዘመን ውድድሩን ቢያሸንፍም፣ የባህል ሚኒስትሩ ሳይሾሙት ቀሩ። ጣሪያውን ማሳየት ቀላል ነበር፤ ጣሪያው ሥር የነበሩትን ማን እንዳሳደዳቸው መናገር ግን ወንበር አሳጣ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉ አባቶች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

ባለቤቶቹ ራሳቸው ምን እንድናደርግ ይፈልጉ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ መልሱ ከመሬት በታች ተገኝቷል። በዋርሶ ጌቶ ውስጥ የታሪክ ሊቁ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም ከባልደረቦቹ ጋር በምስጢር መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር። በቆርቆሮ ሣጥኖችና በሁለት የወተት ጣሳዎች ቀበሩት፤ ከፊሉ በ1946፣ ከፊሉ በ1950 ተቆፍሮ ወጣ። በውስጡ ምን አለ? የሞት ወሬ ብቻ አይደለም፤ የተማሪ ድርሰት፣ የከረሜላ መጠቅለያ፣ የትርኢት ማስታወቂያ፣ የምግብ ራሽን ካርድ አለበት። ሞት ደጃቸው ቆሞ ሳለ ኑሯቸውን ሰነዱ። «ስታስታውሱን ሙሉ ሰው አድርጋችሁ አስታውሱን» ማለታቸው ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበረች። በ1984 እና በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተደረጉትን ታላላቅ ጉዞዎች ተከትሎ ነዋሪዎቿ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጸሎት ቤታቸው ቀረ። ጎረቤቶቻቸውም ባለስድስት ጫፍ ኮከብ ያለበትን የሸክላ ሥራ ለመንገደኛ ሲሸጡ ኖረዋል። የእኛዎቹ ሄዱ እንጂ አላለቁም፤ ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ነው፤ ከነሕይወታቸው ስላሉም ስለ ራሳቸው መናገር ይችላሉ። ነገር ግን ሸክላውን የሚገዛው መንገደኛ፣ እነዚያ ሠሪዎች በዘመናቸው መሬት እንደ ተነፈጉና «ቡዳ» ተብለው እንደ ተፈሩ ማን ይነግረዋል? ሸክላው የሚያምረውን ያህል ይህም ይነገር። አደራ በልተን እንዳንገኝ።

ስለ ባለአደራ ስጽፍ አመሸሁና ይህችን አራት ስንኝ ቋጠርሁ፤ ከሐተታዬ ሁሉ እርስዋ ትሻል እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ቁልፉን የያዝኩ ነኝ፣ የሌላ ነው ቤቱ፤
መብራቱን ባበራም፣ የእርሱ ነው ዘይቱ፤
ስሙን ጥራ ብሎኝ፣ ሄዷል በሌሊቱ፤
ስሙን ከደበቅሁት፣ ሌባ ነኝ በፊቱ።

ቸር ያሰንብተን።