«ሠርቶልኛል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በወጣቶች ጉባኤዎቻችን ፕራግማቲዝም የተባለው ፍልስፍና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሸኛል፤ «የሠራ ሁሉ እውነት ነው የሚል የአሜሪካኖች ትምህርት!» ያው ተናጋሪ ግን ማይክሮፎኑን ሳይለቅ «እግዚአብሔር ታማኝ ነው፤ ለእኔ ሠርቶልኛል» ይላል። እኛም «አሜን» እንላለን። ያወገዝነውን ትምህርት በምስክርነት ሰዓት መልሰን ሰበክነው ማለት ነው።

ለመሆኑ የፍልስፍናው መሥራች እንዲህ ብሏል? ቻርልስ ፐርስ በ1878 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የጠየቀው፣ የአንድ ሐሳብ ትርጉም እንዴት ግልጽ ይሆናል ብሎ ነው። አልማዝ ጠንካራ ነው ስንል ብዙ ነገር ሊጭረው አይችልም ማለታችን ነው። ስለዚህ ጭረህ እይ። በልምምድ ውስጥ ምንም ልዩነት የማያመጣ ቃል ባዶ ነው። እዚህ ላይ ምኑ ያስቆጣል?

ልብ በሉ፣ ፐርስ «ስትነካው ምን ተሰማህ?» አላለም። ፈተናው ለማንም እጅ ክፍት ነው። በጥጥ ውስጥ ተፈጥሮ፣ ማንም ሳይነካው ተቃጥሎ ስለጠፋ አልማዝም አንሥቷል። ጠንካራ ነበር አልነበረም ማለት የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ አልፎት ነበር። በ1905 ግን ራሱን አረመ፤ ማንም ባይጭረውም ጠንካራ ነበር አለ፣ ቢጫር ኖሮ ይቋቋም ነበርና። ትርጉም ከእኔ የዛሬ ስሜት ይሰፋል ማለት ነው።

ትምህርቱን ወደ ግለሰቡ ሕይወት ያዞረው ይበልጡን ዊልያም ጄምስ ነው። በ1907 ባወጣው መጽሐፍ፣ ስለ እግዚአብሔር ያለው ግምት በሰፊው ትርጉሙ አጥጋቢ ሆኖ ከሠራ እውነት ነው እስከ ማለት ደረሰ። (ፐርስማ ቃሉ በየሰው እጅ ሲዛባ አይቶ ቀድሞውኑ የራሱን ትምህርት «ፕራግማቲሲዝም» ብሎት ነበር፤ ስሙ አስቀያሚ ስለሆነ ማንም አይሰርቀውም ብሎ።) እንግዲህ የእኛ «ሠርቶልኛል» የጄምስ ደቀ መዝሙር ነው፤ ያውም ጥንቃቄውን የጣለ።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ እናቷ እንድትድን ጾማ ጸልያ እናቷን የቀበረችውን እህት ያስብ። እሷም እዚያው አዳራሽ ተቀምጣለች። «ታማኝ» ማለት «የለመንኩትን ሰጠኝ» ከሆነ፣ ለእሷ ቃሉ ሐሰት ነው ልንላት ነው? ወይስ እምነትሽ አነሰ ልንላት? ይህን ሁለተኛውን የሚሏት አሉ፤ ጭካኔ ነው። መስካሪው ከመቀመጡ በፊት «ታማኝ» ያለው ቃል በእሷ ቤት፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ምን ማለት እንደሆነ ይንገረን።